የከብት ሳል፦ ከአራዳ ገበያ እስከ አዳማ ማድለቢያ

ቸርችል ጎዳናን ከማዘጋጃ ቤቱ ጀምሮ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ዛሬ የከብት ነገር ትዝ አይለውም። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፎ፣ ጥቁር አንበሳን፣ ትግላችን ሐውልትን፣ ፖስታ ቤትንና ብሔራዊ ቴአትርን እያየ ለገሃር ይደርሳል። ከብትን የሚያስታውስ ነገር ቢኖር በፒያሳ በኩል በየሥጋ ቤቱ የተሰቀለው ብልት ብቻ ነው። ዳሩ ግን የአራዳ ገበያ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረበት ዘመን እህሉም፣ ጨርቁም፣ ፈረስና በቅሎውም፣ ከብቱም እዚሁ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ገበያውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ዛሬው መርካቶ ወሰደው፤ ከብቱም ከአራዳ ሰው ዓይን ራቀ። ቢሆንም "ከብት" የሚለው ቃል በድሮ አነጋገር ንብረትን ሁሉ ይጠራ እንደነበር በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን አይረሱትም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ከተዘዋዋሪ ብድራችን ተበድረው ከብት የሚያደልቡ ቡድኖች አሉን። ከከተማ ወጣ ብሎ በኪራይ ግቢ፣ ከተለያየ ገበያ ወይፈንና በሬ ገዝተው በፍሩሽካና በፋጉሎ አድልበው ለበዓል ይሸጣሉ። ባለፈው ለፋሲካ ከተገዙት ውስጥ ገና በሁለተኛው ሳምንት ሳል ተነሣ። ሁለቱ ሞቱ፤ ከተረፉት አንዳንዶቹ ከስተው ከተገዙበት ባነሰ ዋጋ ወጡ። ከዚያ ወዲህ በብድር ኮሚቴው ስብሰባ አንድ ክርክር አልበረደም፤ ለከብት ማድለብ ብድር መስጠት ይቁም ወይስ ይቀጥል? ገሚሶቻችን ዓይን ነው አልን፤ ገሚሶቻችን መኖው ነው፣ ብርዱ ነው አልን። የማኅበሩ ገንዘብ የሁላችንም ቁጠባና የደጋፊዎቻችን አደራ ስለሆነ፣ ነገሩን በግምት ከመቁረጥ ይልቅ የእንስሳት ሐኪሞችን ጠየቅን፤ የተጻፈውንም አነበብን። የከብት ሳል የራሱ ረጅም ታሪክ እንዳለው ያወቅነው ያኔ ነው።

አዲስ አበባና ትልቁ የከብት እልቂት እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ በዓመቱ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ለጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ወደ ሀገራችን ገባ። አባቶቻችን "ደስታ" ብለው ጠሩት። ለምን በዚህ ስም እንደጠሩት ሲያስቡት፣ ክፉን በክፉ ስሙ ላለመጥራት ሳይሆን አይቀርም፤ እኛም ዛሬ አንዳንዱን በሽታ ስሙን ሳንጠራ "ያ ነገር" እንል የለ? ደስታ ከትግራይ እስከ ሸዋና ከዚያም ወዲያ ጠራርጎ ሄደ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመረበት። ሕዝቡ ዘመኑን "ክፉ ቀን" አለው። ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱም ሕዝቡም በእጅ ቆፍሮ መዝራትን እንዳይንቅ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፤ ጎተራም ከፍተው እህል አስከፋፈሉ። በአንድ ወረራ ሳይሆን በአንድ መንጋ ምክንያት ሀገር ተራበ። በሽታው ግን ከእኛ ዘንድ አልቀረም፤ ወደ ደቡብ ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1897 ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

ደስታ በዋነኛነት የሳንባ በሽታ አልነበረም። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስልና ተቅማጥ ያመጣ ነበር። እዚህ ያነሣነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በእግሩ ወይም በመርከብ ከሩቅ የመጣ ከብት በሽታ ይዞ እንደሚመጣ ከደስታ የበለጠ የሚያስረዳ የለም። ሁለተኛው ደግሞ፣ የደስታ መጥፋትና የሳንባው በሽታ መመለስ በሀገራችን የተያያዙ መሆናቸው ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ሐኪሞች "ተላላፊ የከብት ሳንባ በሽታ" የሚሉት፣ በኦሮምኛ ሶምቤሳ የሚባለው፣ በአንዲት በጣም ትንሽ ማይኮፕላዝማ በምትባል ባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ይህችን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ፈረንሳውያኑ ኖካርና ሩ በቤተ ሙከራ አሳደጓት። ከዚያ በፊት በ1852 ዊለምስ የተባለ የቤልጅግ ሐኪም ከታመመ ከብት ሳንባ የወሰደውን ፈሳሽ በጤነኛ ከብት ጅራት ጫፍ ላይ እየወጋ ይከላከል ነበር፤ አንዳንዱ ከብት ጅራቱ ይበሰብስ ነበር ይባላል። በምዕራብ አፍሪካ አርብቶ አደሮችም የታመመ ሳንባ ቁራጭ በከብቱ አፍንጫ ቆዳ ሥር በመቅበር ተመሳሳዩን ያደርጉ ነበር። ለዚህ እውቀት ዲፕሎማ አላስፈለጋቸውም።

የበሽታው ጉዞ የአንድ ላም፣ የአንድ ኮርማ ታሪክ ነው። አሜሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1843 ከእንግሊዝ መርከብ ላይ ብሩክሊን ውስጥ በተገዛች አንዲት ላም ነው። መንግሥቱ በ1884 የእንስሳት ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው በአብዛኛው በዚሁ በሽታ ምክንያት ሲሆን፣ በ1892 አጠፋው። ደቡብ አፍሪካ በ1853 ከሆላንድ በመጡ ኮርማዎች ገባ፤ የኮሳ ሕዝብ ከብቶቹን በዚህ በሽታ ባጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ የተረፈውን ብናርድ ይታደስልናል በሚል ትንቢት ከብቱን አርዶ በረሃብ አለቀ። አውስትራሊያ በ1858 ገብቶ፣ ነፃ መሆኗ የታወጀው በ1973 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ሀብታሞቹ ሀገሮች ያጠፉት የታመመውንም አብሮት የዋለውንም አርደው፣ ለባለቤቱ ካሣ ከፍለው፣ ዝውውርን አግደው ነው። በእኛ ሀገር ሁለትና ሦስት ላሞች ያላትን ሴት "አብረው ውለዋልና ይታረዱ" ብሎ ካሣ የሚከፍል ካዝና የለም፤ ስለዚህ የቀረልን መንገድ ክትባት ነው።

የክትባቱ ቤት ደብረ ዘይት፣ ዛሬ ቢሾፍቱ በምንላት ከተማ ነው። ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቋመ፤ ለሳንባውም፣ ለጎሮርሳም፣ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባም ክትባት ያመርታል። እዚያው ከተማ በ1979 የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። የመላው አፍሪካን የእንስሳት ክትባት ጥራት የሚመረምረው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከልም እዚያው ነው። ቢሾፍቱን በእሬቻና በሐይቆቿ ብቻ የምናውቃት ብዙዎች ነን፤ የገበሬው ኑሮ ምን ያህል በዚያች ከተማ ማቀዝቀዣዎች ላይ እንደተንጠለጠለ ግን የሚነግረን አልነበረም።

በደስታ ላይ የተካሄደው ዘመቻ ረጅም ነበር። እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት ከባልደረቦቹ ጋር ኬንያ፣ ሙጉጋ ላይ ጥሩ ክትባት ከሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1976 በአፍሪካ ትልቅ ዘመቻ ተደረገ፤ ግን ጥቂት ምሽጎች ቀሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ሀገራችን ነበረች። በ1986 ሁለተኛው ዘመቻ ተጀመረ። ቀዝቃዛ ሳጥን የማይደርስበት የአፋር በረሃ ድረስ ሙቀት የሚችል ክትባት ተይዞ፣ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ልጆች ከብቱን ከተቡ። በሀገራችን የመጨረሻው ደስታ የታየው በ1995 በዚያው በአፋር ነው። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ነፃ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ተበሠረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው።

ሳንባው ግን በዚህ ድል ውስጥ ተረሳ። በዘመቻው ጊዜ የደስታና የሳንባ ክትባት ለከብቱ አብረው ይሰጡ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የደስታው የጅምላ ክትባት ሥራውን ጨርሷል ተብሎ ሲቆም፣ ከጎኑ ተደርቦ ይሄድ የነበረው የሳንባ ክትባትም አብሮ ቆመ ማለት ይቻላል። የደስታ ክትባት ለከብቱ ዕድሜ ልክ ይበቃል፤ የሳንባው ግን ለዓመት ያህል ብቻ ስለሚከላከል በየዓመቱ መደገም አለበት። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሳንባው ተመልሶ ተስፋፋ። ጥፋተኛ የምንለው ሰው የለም። አንድ ነገር ሳይታወቅ ሌላውን ደግፎ ይዞ ሲኖር፣ ሲነሣ ብቻ ነው ሥራው የሚታወቀው።

በዚሁ ዘመን አዲስ ነገር መጣ፤ ትልልቅ የከብት ማድለቢያ። በአዳማ፣ በሞጆና በቢሾፍቱ ዙሪያ ነጋዴዎች ከቦረና፣ ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ወይፈን እየሰበሰቡ፣ ሦስት አራት ወር አድልበው በጅቡቲ በኩል ወደ ዐረብ ሀገሮችና ወደ ግብፅ መላክ ጀመሩ። ጥንት ቆዳና ሌጦ በባቡር ከለገሃር ወደ ጅቡቲ ይወርድ ነበር፤ አሁን በዚያው አቅጣጫ ከብቱ ራሱ በቁሙ ይሄዳል። ገዢዎቹ ሀገሮች ከብቱ በኳራንቲን ቆይቶ ለሳንባና ለሌሎች በሽታዎች ደሙ እንዲመረመር ይጠይቃሉ። አንድ ወይፈን ምርመራው ላይ ከወደቀ ነጋዴው ወደ ሀገር ውስጥ ገበያ ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ፤ ለውጭ ገበያ አይሆንም የተባለው ከብት የሚሄደው የት ነው? እኛ የምንገዛበት ገበያ ነው።

አሁን ወደ ሳሉ እንግባ። ከቦረና የተነሣ ወይፈን በእግሩ ወደ ገበያ ይነዳል፤ ደላላ ያቆመዋል፤ በአይሱዙ ላይ እንደ እንጨት ተጠጋግቶ ይጫናል፤ ሌሊቱን በብርድ፣ ቀኑን በአቧራ ያለ ውኃ ይጓዛል። ከማያውቀው መንጋ ጋር ይቀላቀላል። ያልለመደውን ፍሩሽካና ሞላሰስ ይሰጡታል። ሐኪሞቹ እንዳስረዱን፣ በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚገቡት ቫይረሶች ናቸው። አራት አምስት ዓይነት ናቸው፤ በሀገራችን ከብት ደም ውስጥም የብዙዎቹ ምልክት በምርመራ ተገኝቷል። ቫይረሶቹ ብቻቸውን አብዛኛውን ጊዜ አይገድሉም። የሚያደርጉት የመተንፈሻ ቧንቧውን ከውስጥ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ማበላሸት ነው። በጤነኛ ከብት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ዘወትር ሳይጎዱት የሚኖሩ ፓስቹሬላና ማንሄሚያ የተባሉ ባክቴሪያዎች አሉ። ጠራጊው ሲጠፋና ከብቱ ሲደክም እነዚህ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ዘበኛው ሲተኛ የቤቱ ልጅ ሌባ እንደሚሆን ያለ ነው። ይህንን ነው ሐኪሞቹ ፓስቹሬሎሲስ፣ ገበሬው ጎሮርሳ የሚለው፤ ፈረንጆቹ ደግሞ በጉዞ ምክንያት ስለሚመጣ "የጭነት ትኩሳት" ብለውታል። አብዛኛውን ጊዜ ከብቱ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ይነሣል። የእኛም በሁለተኛው ሳምንት ነበር የተነሣው። ዓይንም ብርድም ብለን የተከራከርነው ስም ያለው፣ ቀጠሮ ጠብቆ የሚመጣ ነገር ኖሯል።

ጎሮርሳና ሳንባ በሳል ይመሳሰላሉ፤ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። ጎሮርሳ ቸኩሎ ይመጣል፤ ከብቱ መኖ ይተዋል፣ ጆሮው ይወድቃል፣ ንፍጥ ይወርደዋል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ከደረሰለት በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ሦስትና አራት ቀን ካለፈ ቢድንም ሳንባው ጠባሳ ይዞ ስለሚቀር አይደልብም። ሳንባው ግን ዝግተኛ ነው። በሽታው ከገባበት በኋላ ምልክት ሳያሳይ ከሦስት ሳምንት እስከ ብዙ ወር ሊቆይ ይችላል። ሲብስበት ከብቱ አንገቱን ዘርግቶ፣ የፊት ክርኖቹን ወደ ውጭ ከፍቶ፣ ሲተነፍስ እያቃሰተ ይቆማል። የሚተላለፈው በትንፋሽ፣ አፍ ለአፍ ተጠጋግቶ በመዋል ነው። ከሁሉ የሚከፋው የዳነ መስሎ የሚቀረው ነው፤ የታመመው ቁራጭ በሳንባው ውስጥ በጠባሳ ተከቦ ይቀመጣል፤ ከብቱ ይበላል፣ ይወፍራል፣ ሌላውን ግን ሊያስይዝ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ሳንባን በአንቲባዮቲክ ማባበልን የማይወዱት፤ ሳሉን ይሸፍናል፣ ተሸካሚውን ያበዛል። በየገበያው ዳር መርፌ ይዞ የሚዞር ሰው ይህን አይነግረንም።

በዚህ መካከል የሐረር ሰንጋ ትዝ ይለናል። የአራዳ ሥጋ ቤት ደንበኛ ሁሉ የሐረር ሰንጋ ሲባል ምራቁን ይውጣል። በሐረርጌ ገበሬው አርሶ የጨረሰውን በሬ አንድ ወይም ሁለቱን ብቻ በደጁ አስሮ፣ ከማሽላውና ከበቆሎው ማሳ እያሳሳ የነቀለውን፣ ቅጠሉን፣ የድንች ልጣጩን ሁሉ በእጁ እያጎረሰ ያደልባል። ሥራው በአብዛኛው የሚስቲቱና የልጆቹ ነው። የባዕድ ከብት ትንፋሽ አይደርሰውም፤ በአንድ ሌሊት መኖ አይቀየርበትም፤ ቢያስል የምትሰማው ሴት ከግድግዳው ወዲህ ተኝታለች። እኛ እንደምናምነው የሐረር ሰንጋ ምስጢሩ ማሽላው ብቻ አይደለም፤ ለብቻው መታሰሩም ነው። ማድለቢያው ትልቅ ሲሆን ትርፉ ይጨምራል እንላለን፤ ትንፋሹም እንደሚጨምር ግን ማን ይቆጥራል?

አባላት ደጋግመው የጠየቁንን ሳንመልስ አናልፍም፤ የታመመው ከብት ሥጋ ለሰው ያስተላልፋል ወይ? የከብት ሳንባ በሽታም ሆነ እነዚያ ቫይረሶች ሰውን አይዙም። የከብት ቲቢ ግን ሌላ ነው፤ እርሱም በከብቱ ሳንባ ይኖራል፤ ባልፈላ ወተትና በጥሬ ሥጋ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ ቁርጥ የምንወድ ሰዎች በቄራ የተመረመረውን ማኅተም ማየት ያስፈልገናል። የአዲስ አበባ ቄራ በ1949 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ መርማሪዎቹ የእያንዳንዱን ከብት ሳንባ በእጃቸው ዳብሰው፣ በቢላዋ ሰንጥቀው ያያሉ። የሳንባው በሽታ ያለበት ሲቆረጥ እንደ እብነ በረድ ዥጉርጉር ሆኖ ይታያል፣ ደረቱም ውስጥ ገለባ የመሰለ ቢጫ ውኃ ይገኛል። በግቢ የምናርድ ደግሞ "ሳንባ ለውሻ" የሚለውን ልማድ እንተው፤ ከሳንባ ውኃ ቋጥኝ ትል ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ልጆቻችን ይሄዳል። በአንቲባዮቲክ የተወጋ ከብትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይሞላ ለበዓል ተብሎ አይታረድ፤ ይህን ከሌላው ሁሉ ይልቅ የምንቸኩልበት ነገር ነው።

ለብድር ኮሚቴው ያቀረብነው ሐሳብ ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። ብድሩ ይቀጥል፤ መመለሻው ግን ከሦስት ወር ወደ አራት ወር ይራዘም፤ ተጨማሪው ጊዜ አዲስ የገባው ከብት ተለይቶ የሚቆይበትና የሚያገግምበት ነው። ለሦስት ሳምንት ተለይቶ መቆየቱ ጎሮርሳን ያሳየናል፤ ሳንባን ለማሳየት ግን አይበቃም። ስለዚህ ሁሉም ከብት ከአንድ አካባቢ፣ ቢቻል ከአንድ ባለቤት ይገዛ፤ ከመጫኑ ከአንድ ወር በፊት ክትባት መውሰዱ በወረዳው የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይረጋገጥ። በደረሰ ቀን ውኃና ድርቆሽ እንጂ ፍሩሽካ አይቅረብለት፤ ፍሩሽካው በትንሽ በትንሹ ይለመድ። በአንድ ጊዜ ከስምንት ከብት በላይ በአንድ በረት አይግባ። ያሳለ ከብት በዚያው ቀን ይለይ፤ ሳንባ ከተጠረጠረ ለወረዳው ይነገር እንጂ ወደ ገበያ አይነዳ። የመጨረሻው ነጥብ በስብሰባው ላይ ብዙ አጉረመረመ፤ የሚሸጠውን ያጣ ሰው ዕዳውን በምን ይከፍላል ተባለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የከብት ብድር ወለድ ጥቂት ተቀንሶ ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት የሚሆን ሣጥን እንዲከፈት ጠይቀናል፤ ደጋፊዎቻችንም መነሻውን ቢያግዙን ሣጥኑ ከመጪው ፋሲካ በፊት ሥራ ይጀምራል።

ሁለት የከብት ቴርሞሜትር ገዝተን በቢሮው መሳቢያ አስቀምጠናል። የሚደልቡት ቡድኖች በየተራ ፈርመው ይወስዳሉ። ጤነኛ ከብት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ተኩል ያህል ነው፤ ጠዋት ከፀሐይ በፊት ይለካ፣ በደብተሩም ይጻፍ።